ከመጨረሻው ፈተና ስንት ያስፈልገናል?

የትምህርቱ መንፈቅ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በየአህጉሩ ተበታትነን የምንኖር ተማሪዎች ሁላችንም አንድ ዓይነት ሥራ እንይዛለን። እስካሁን ያገኘነውን ነጥብ በአንድ ወገን፣ ልንደርስበት የምንሻውን ውጤት በሌላ ወገን ጽፈን፣ ከመጨረሻው ፈተና ስንት እንደሚያስፈልገን እናሰላለን። ስሌቱ በፖስታ ጀርባ ላይ ይሠራል፤ በስልክ መስታወት ላይ ይሠራል፤ አንዳንድ ጊዜም የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ በሚያዝበት ደብተር ኅዳግ ላይ ተሠርቶ ይገኛል። ስለ መሬት፣ ስለ ብሔረሰቦች መብት፣ ስለ መንግሥት አወቃቀር እስከ ሌሊቱ እኩሌታ የምንከራከር ሰዎች፣ በዕለት ኑሯችን ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ስላለው ስሌት ግን በግልጽ ስንነጋገር አንሰማም። እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ደብቆ ይይዛል። ይህ ጽሑፍ የተሰናዳው የተደበቀውን ቁጥር ወደ ጠረጴዛው ለማምጣት ነው።

ነገሩን ተራ የፈተና ጭንቀት አድርጎ የሚያየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። በአገሩ ለሚማር ሰው ዝቅተኛ ውጤት መጥፎ ዜና ነው፤ ቤቱ ገብቶ ያዝናል፣ ወላጆቹ ይቆጡታል ወይም ያጽናኑታል፣ በሚቀጥለው ዓመት ይደግመዋል። የስደተኛው ተማሪ ነገር ግን በሌላ ሰንሰለት የታሰረ ነው። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪ አማካይ ውጤት ከ4.0 ውስጥ ከ3.0 በታች ከወረደ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፤ በተሰጠው ጊዜ ካላሻሻለም ሊሰናበት ይችላል። በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት የሚገኘው ገንዘብም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ አማካይ ጋር የተቆራኘ ነው። ገንዘቡ ከቀረ የትምህርቱ ዋጋ አይከፈልም፤ ዋጋው ካልተከፈለ ምዝገባው ይቀራል፤ ምዝገባው ከቀረ ደግሞ፣ በኤፍ-1 ቪዛ የሚኖር ተማሪ በሙሉ ጊዜ ተመዝግቦ መማር ግዴታው ስለሆነ፣ በምድሪቱ ላይ የሚያቆመው ፈቃድ ይናጋል። እንግዲህ በ2.9 እና በ3.0 መካከል ያለችው አንድ አሥረኛ ነጥብ ለአንዱ የክብር ጉዳይ ስትሆን፣ ለሌላው ሊመለስ ወደማይችልበት አገር የመመለስና ያለመመለስ ጉዳይ ናት ማለት ነው።

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች እንደመሆናችን ይህ ዓይነቱ መሥመር እንግዳ አይሆንብንም። በጀርመን የምርጫ ሕግ ከመቶ 5 ድምፅ ያላገኘ ፓርቲ፣ በቀጥታ የተመረጡ በቂ እጩዎች ከሌሉት በስተቀር፣ ከምክር ቤት ወንበር አይደርሰውም። እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገው ምርጫ የነፃ ዴሞክራቶች ፓርቲ ከመቶ 4.8 አግኝቶ፣ ከ1949 ጀምሮ ሳይለይ ከኖረበት ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ድምፅ የሰጡት ሰዎች ብዛት ቀስ በቀስ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ሥልጣኑ ግን የሚቆረጠው በአንድ ነጥብ ላይ ነው። ፈተናም እንዲሁ ነው። ዕውቀት በጥቂት በጥቂቱ ይከማቻል፤ ፊደሉ ግን ከደፉ ወዲያና ወዲህ ሌላ ፊደል ነው። ደፍ ባለበት ሁሉ ደግሞ፣ ከደፉ ምን ያህል እንደራቀ ያላወቀ ሰው ጉልበቱን የት እንደሚያውል አያውቅም።

ስሌቱ ራሱ ከሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አያልፍም። ለምሳሌ አንድ ኮርስ ለቤት ሥራ 30፣ ለአጋማሽ ፈተና 30፣ ለማጠቃለያ ፈተና 40 ከመቶ ድርሻ ሰጥቷል እንበል። ተማሪው በቤት ሥራ ከ100 ውስጥ 80፣ በአጋማሹ ከ100 ውስጥ 70 አግኝቷል። ሰማንያው በ30 ከመቶ ሲባዛ 24 ነጥብ ይሆናል፤ ሰባው በ30 ከመቶ ሲባዛ 21 ይሆናል። በድምሩ በእጁ ያለው ከ60 ውስጥ 45 ነው። አሁን የሚሻውን ጠቅላላ ውጤት ይውሰድ፤ ከዚያ ላይ 45ን ይቀንስ፤ የቀረውን ለ40 ያካፍል። 80 የሚሻ ከሆነ 35 ነጥብ ይቀረዋል፤ 35 ለ40 ሲካፈል 87.5 ከመቶ ነው። 83 የሚሻ ከሆነ 38 ይቀረዋል፤ ይኸውም 95 ከመቶ ነው። 87 የሚሻ ከሆነ ግን 42 ይቀረዋል፤ ከ40 ውስጥ 42 የሚሰጥ መምህር የለም።

ከዚህ አጭር ምሳሌ ሦስት ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ኮርስ በየትኛውም ቀን ጣሪያና ወለል አለው። የዚህ ተማሪ ወለል 45 ነው፤ ፈተናውን ባዶ ወረቀት ቢመልስ የሚቀረው ይህ ነው። ጣሪያው 85 ነው፤ አንዲት ጥያቄ ሳይስት ቢወጣ የሚደርሰው እዚህ ድረስ ነው። ምኞት ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ ከደፍ ወደ ደፍ ያለው ዋጋ በፈተናው ወረቀት ላይ ሲታይ ይበዛል። ከ80 ወደ 83 ለመውጣት የሚያስፈልጉት ሦስት ነጥቦች፣ በፈተናው ላይ ሰባት ነጥብ ተኩል ይጠይቃሉ። ሦስተኛ፣ ድርሻ ሳይታሰብ የሚወሰድ አማካይ ሰውን ያታልላል። ድርሻቸው ልዩ ልዩ የሆኑ ሁለት ውጤቶችን ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ብርና ዶላርን ደምሮ «ይህን ያህል ገንዘብ አለኝ» እንደማለት ነው።

የኮርሱ ስሌት እንዲህ ከሆነ፣ የጠቅላላ አማካዩ ስሌት ደግሞ ስለ ዕዳ የሚያስተምረን ነገር አለ። በየመንፈቁ እኩል ክሬዲት ያላቸው ሦስት ኮርሶች የሚወስድ፣ በአራት መንፈቅ የሚጨርስ ተማሪ እናስብ። በመጀመሪያው መንፈቅ አማካዩ 2.9 ሆነ። በሁለተኛው መንፈቅ 3.0 ላይ ለመድረስ ቢነሣ የሚያስፈልገው 3.1 ነው፤ አንድ ቢ ፕላስና ሁለት ቢ ይበቁታል። ነገሩን ቸል ብሎ በ2.9 ቢቀጥልና በሦስተኛው መንፈቅ ቢነሣ 3.2 ያስፈልገዋል። እስከ አራተኛው ቢያቆየው ደግሞ 3.3፣ ማለትም ሦስቱንም ኮርሶች ቢ ፕላስ ይጠየቃል። ጉድለቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው አንድ አሥረኛ ነው፤ የመክፈያው ልክ ግን በየመንፈቁ ያድጋል፤ ያለፈው ጊዜ ሲረዝም ክብደቱ ይጨምራልና። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ስሌቱ መሠራት ያለበት በመጨረሻው ሳምንት በሩጫ ሳይሆን፣ ገና ምርጫ ሳለ ነው።

እዚህ ላይ ከመካከላችን የአንዱን ነገር ብናነሣ አይከፋም። ባለፈው ዓመት አንድ ባልንጀራችን ለሁለት ሳምንት ከስብሰባ ጠፋ። ልንጠይቀው ስንሄድ ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶ፣ ከላይ በምሳሌ የጠቀስነውን የመሰለ ሒሳብ ፊቱ ዘርግቶ አገኘነው። በቁጥር ስሌት ኮርስ ቢ ፕላስ ካላመጣ አማካዩ ከ3.0 እንደሚወርድ ለራሱ ነግሯል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ከ40 ውስጥ 42 ሆኖ ወጥቷል። ስለዚህ ትምህርቱን ትቶ ወደ ሌላ ከተማ ሥራ ፍለጋ ሊሄድ ሻንጣውን አሰናድቷል። ሻይ አፈላንና ሦስቱንም ኮርሶች በአንድ ወረቀት ላይ እንዲጽፍልን ለመንነው። በአንደኛው ጽሑፉን አስረክቦ ቢ ተሰጥቶታል፤ ይህ 3.0 ነው። በሌላው፣ የማጠቃለያው ፈተና 50 ከመቶ በሚይዝበት ኮርስ፣ ከ50 ውስጥ 46 በእጁ አለ። የሚያስፈልገው የሦስቱ ድምር 9.0 ነበር። የፊደሎቹ ደፍ በዚያ ትምህርት ቤት ለሲ ፕላስ 77፣ ለቢ ማይነስ 80፣ ለቢ 83፣ ለቢ ፕላስ 87፣ ለኤ ማይነስ 90 ነው።

ወረቀቱ ሙሉ ሲሆን ሁለት መንገድ ታየ። አንደኛው፣ በቁጥር ስሌቱ ቢ ማይነስ፣ በሌላው ቢ ፕላስ ማምጣት ነው፤ 2.7 እና 3.0 እና 3.3 ሲደመሩ 9.0 ይሆናሉ። ለዚህ በቁጥር ስሌቱ ፈተና 87.5 ከመቶ፣ በሌላው 82 ከመቶ ይበቃል። ሁለተኛው፣ በቁጥር ስሌቱ ሲ ፕላስ፣ በሌላው ኤ ማይነስ ማምጣት ነው፤ 2.3 እና 3.0 እና 3.7 ሲደመሩ አሁንም 9.0 ናቸው። ለዚህ በቁጥር ስሌቱ 80 ከመቶ፣ በሌላው 88 ከመቶ ይፈለጋል። የትምህርት ክፍሉ ሲ ፕላስን ለዲግሪ ይቈጥር እንደሆነ ደንቡን አገላብጠን አየን፤ ይቈጥራል። ባልንጀራችን ሁለተኛውን መንገድ መረጠ። የሌሊቱን ሰዓት ሁሉ ለማይደረስበት ፊደል ሲሰዋ የነበረው ሰው፣ እኩሌታውን ሰዓት ለሚወደው ኮርስ መለሰለት። ውጤቱ ሲመጣ አማካዩ በትክክል 3.0 ሆነ፤ የተረፈ ነጥብ አልነበረም፤ የጐደለም አልነበረም። ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፉን እየጻፈ ነው።

ይህን ያነሣነው ብልሃታችንን ለማወደስ አይደለም። ሒሳቡን እርሱ ከእኛ የበለጠ ያውቀዋል። ያጣው አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነበር። ብቻውን የተቀመጠ ሰው አንዱን ኮርስ ብቻ ያያል፤ ከ40 ውስጥ 42 የሚለውን መልስም ስለ ራሱ እንደተሰጠ ፍርድ ይሰማዋል። መልሱ ግን ፍርድ አልነበረም። «በዚህ በር አይገባም፤ ሌላውን በር ሞክር» ማለቱ ብቻ ነበር።

በስሌቱ ላይ የሚደርሱ ወጥመዶችንም በአጭሩ እንጥቀስ። አንዳንድ መምህር ከቤት ሥራዎች ዝቅተኛውን ይሰርዛል፤ ይህን ያላሰበ ተማሪ ያለውን አሳንሶ ይቈጥራል። አንዳንድ ኮርስ ጠቅላላው ምንም ያህል ቢሆን በማጠቃለያው ፈተና ለብቻው የማለፊያ ነጥብ ይጠይቃል፤ ይህን ያላነበበ ተማሪ በወለሉ ተማምኖ ይወድቃል። 79.6 ወደ 80 ይጠጋል ብሎ ማሰብም አደገኛ ነው፤ የሚያጠጋ አለ፣ የማያጠጋም አለ፤ በወረቀት ላይ ያልተጻፈን ቸርነት ከሒሳብ ማስገባት አይገባም። በመጨረሻም፣ ሁለት ፈተና በአንድ ሳምንት ሲገጣጠም የሰዓቱ አከፋፈል ከድርሻው መነሣት አለበት። በፈተና ላይ የተጨመረ አሥር ነጥብ፣ ፈተናው 25 ከመቶ በሚይዝበት ኮርስ ሁለት ነጥብ ተኩል፣ 50 ከመቶ በሚይዝበት ኮርስ አምስት ነጥብ ያስገኛል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ደፉ ቀድሞ ሲታወቅ ነው። ውጤቱ ተማሪውን ከተማሪ በማነጻጸር በሚሰጥበት ክፍል ግን ቀመሩ ይፈርሳል፤ የሚያስፈልገን ነጥብ በእኛ ብቻ ሳይሆን አጠገባችን በተቀመጠው ሰው ላይም ይመሠረታልና። ከክፍሉ አንድ አምስተኛው ብቻ ኤ የሚያገኝ ከሆነ ማስታወሻን ማዋስ ራስን መጉዳት ይመስላል። በዚህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ወዳጆች ሲጠባበቁ፣ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ሲሰወር አይተናል። እኛ ግን በማኅበራችን ውስጥ ማስታወሻን አለመደበቅ ልማድ አድርገነዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ነውና፣ ለሌላው ያስረዳነው ነገር ለራሳችንም ጠርቶ ይቀራል፤ ይህ ትርፍ በማንኛውም የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ውስጥ አይታይም።

የማነጻጸር ነገር ከተነሣ፣ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነውን ጥያቄ ማለፍ አይቻልም። እናቶቻችን በስልክ የሚጠይቁን «ስንት አገኘህ?» ብለው አይደለም፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ብለው ነው። «እማዬ፣ እዚህ ደረጃ አይሰጥም» ስንላቸው ጥቂት ዝም ይላሉ፤ ከዚያም «እንዴት ነው ታዲያ ጎበዙ የሚታወቀው?» ይላሉ። ጥያቄያቸው የዋህ ቢመስልም ሥር ያለው ነው። ለመላው ሰፈር በአንድ ክፍል ውስጥ ሰባ፣ ሰማንያ ልጅ በሚታጨቅበት አገር፣ ፍሬው ያለው በነጥቡ ሳይሆን በተራው ነው፤ ወንበሩ ጥቂት ነውና። 

ነገር ግን የአገራችን የትምህርት ታሪክ ተራና ነጥብ ብቻ አልነበረም። በቅኔ ቤት ተማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። የኔታ ከ100 ውስጥ 74 ብለው አይጽፉለትም። ቅኔው ከቀና ያልፋል፤ ካልቀና ነገም ተመልሶ ይቈጥራል። በዚያ ሥርዓት የሚጠበቀው ደረጃ የተቈረጠ ነው፤ ጊዜው ግን ልቅ ነው። በእኛ ሥርዓት ጊዜው የተቈረጠ ነው፤ ደረጃው ልቅ ነው። ታኅሣሥ ሲደርስ የተረዳውም ያልተረዳውም እኩል ወረቀቱን ያስረክባል፤ ልዩነቱ በፊደል ይመዘገባል። ያንን ሥርዓት ሁሉ ያማረ አድርገን ልንስል አንፈልግም፤ የቆሎ ተማሪው ረኀቡንና የመንደር ውሻውን ችሎ የሚማር ልጅ ነበር። ሆኖም ሰው እስኪያውቅ ድረስ መጠበቅ የሚባል ሐሳብ ከውጭ የመጣልን አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ፊደሉም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በማሳቹሴትስ የሚገኘው የማውንት ሆሊዮክ የሴቶች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1897 ውጤትን በፊደል መስጠት ሲጀምር፣ ኤ ከ95 እስከ 100 ነበር፤ ከ75 በታችም ወድቋል ይባል ነበር። ዛሬ በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች 70 የአንደኛ ማዕረግ ደፍ ነው፤ በማስተርስ ትምህርት 50 ያሳልፋል፣ 60 ያስመሰግናል፣ 70 ከፍተኛውን ማዕረግ ያሰጣል። ለንደን የገባ ባልንጀራችን በመጀመሪያው ጽሑፉ 68 አግኝቶ እንቅልፍ አጥቶ አድሮ፣ በማግስቱ መምህሩ «መልካም ሥራ» ብለው ሲያመሰግኑት እየተዘባበቱበት መስሎት ነበር። ጀርመን የሄደው ደግሞ ቁጥሩ ተገልብጦ ይጠብቀዋል፤ 1.0 ምርጥ፣ 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ፣ 5.0 ውድቀት ነው። ከአገር ቤት ያመጣው 3.4 በዚያ አገር ቀመር ሲለወጥ፣ ከከፍተኛው 4.0 ላይ ያገኘው ይቀነሳል፣ በከፍተኛውና በማለፊያው 2.0 መካከል ላለው ልዩነት ይካፈላል፣ በ3 ተባዝቶ 1 ይደመርበታል፤ 1.9 ይወጣል። ቀድሞ በሶቪየት ኅብረት ይማሩ የነበሩ ታላላቆቻችን የሚያውቁት ከሁለት እስከ አምስት የሚሄደውን ነበር፤ ቀዩን ዲፕሎማ ለመውሰድ ቢያንስ ከመቶ 75ቱ አምስት፣ የቀሩትም አራት መሆን ነበረባቸው። አንድ ሰው ድንበር ሲሻገር ዕውቀቱ ያው ነው፤ ቁጥሩ ግን ከገንዘቡ ጋር አብሮ ይመነዘራል።

ውጤት ከነፍስ ጋር የተያያዘበት ጊዜም ነበር። በቬትናም ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ የአሜሪካ የምልመላ ቦርዶች የትኛው ተማሪ ከዘመቻ ይቆይ የሚለውን ሲወስኑ በክፍል ውስጥ ያለውን ተራና ለዚሁ የተዘጋጀ ብሔራዊ ፈተናን መመዘኛ አድርገው ነበር። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ትምህርት ቤቱ ተራቸውን ለመመልመያ እንዳይሰጥ በመጠየቅ የአስተዳደሩን ሕንፃ ለቀናት ያዙ። ጥያቄያቸው ስለ ራሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ከእነርሱ ያነሰ ነጥብ ያለው፣ ወይም ከነጭራሹ ኮሌጅ ያልገባው ድኻ በእነርሱ ፋንታ መሞቱ ትክክል ነው ወይ የሚል ነበር። ስለ ነጥብ ስናስብ ይህን ጥያቄ መርሳት የለብንም። እኛ ደፉን ስናልፍ ከደፉ በታች የሚቀረው ማነው?

መልሱ ከአገር ቤት ይመጣል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈታኞቹ መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሐምሌ በተሰጠው ፈተናም 3.2 ከመቶ ነበሩ። በእኛ ቀመር ይህን ፈተና ብናስቀምጠው ድርሻው መቶ ከመቶ ነው፤ ቀድሞ የተገኘ ነጥብ የሚባል የለም፤ ስለዚህ «ስንት ያስፈልገኛል?» ለሚለው መልሱ ለሁሉም እኩል 50 ነው። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ እኩልነት አይኖርም። በኑሮ ግን ያለፈው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ይመዝናል፦ መጽሐፍ ያልደረሰው ክፍል፣ ሳይሾም የቀረ የፊዚክስ መምህር፣ ከብት እየጠበቀ የሚማር ልጅ። በትግራይ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ተዘግተዋል፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ልጆች ከክፍል ውጭ ሆነዋል። እነርሱ የቀደመው ነጥባቸው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪዎች አይደሉም፤ የሚደመርና የሚቀነስ ነገር እንኳ ያልተሰጣቸው ናቸው።

ስለዚህ በእኛ እጅ ያለችው ስሌት ዕድል መሆኗን እንወቅ። ስንት እንዳለን፣ ስንት እንደሚቀረን፣ መቼ እንደምንፈተን ቀድሞ የተነገረን ሰዎች ነን። ቁጥሩን የሰውነታችን ልክ አድርገን መፍራትም፣ «ትግል እያለ ነጥብ ምንድን ነው?» ብለን መናቅም ይህን ዕድል ማባከን ነው። ሁለተኛው አስተያየት በስደት ተማሪዎች ዘንድ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ከእኛ በፊት የነበረው ትውልድ ውስጥ ዲግሪውን ትቶ የሄደ ብዙ ነው፤ ለመሥዋዕትነቱም አክብሮት አለን። ነገር ግን የእኛ ዘመን ጥያቄ ሌላ ነው። ከትምህርት ቤት የተሰናበተ ባልንጀራ በማግስቱ ለስብሰባ አይመጣም፤ ለሁለት ሥራ ይሮጣል፣ ስልኩን ይለውጣል፣ ከመካከላችን ይጠፋል። ማኅበር የሚያንሰው እንዲህ ባለው ጸጥታ ነው።

በመሆኑም ለየቅርንጫፉ አንድ ቀላል ሐሳብ እናቀርባለን። በእያንዳንዱ መንፈቅ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ምሽት ለዚህ ይመደብ። እያንዳንዱ አባል የኮርሶቹን መግለጫ ይዞ ይምጣ፤ የፈተናዎቹ ድርሻ፣ የፊደሎቹ ደፍ፣ ኮርስ ያለ ቅጣት የሚሰረዝበት የመጨረሻ ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከአጋማሹ ፈተና በኋላ ደግሞ፣ የመሰረዣው ቀን ሳያልፍ፣ ወረቀቱ እንደገና ይወጣና ጣሪያና ወለሉ ይሰላ። አማካዩ ወደ 3.0 የተጠጋ ሁሉ ሳያፍር ይናገር፤ በዚያ ኮርስ የበረታ ሌላ አባል በሳምንት ሁለት ሰዓት አብሮት ይቀመጥ። ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብም ሆነ ሕገ ደንብ አያስፈልግም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ እርሳስ፣ ጥቂት ሻይ ይበቃል። የቀረው አጀንዳ ሁሉ ከዚያ በኋላ ሊቀጥል ይችላል፤ የሚከራከሩት ሰዎች ሁሉም በቦታቸው ይኖራሉና።